ወሎ ውስጥ «ለጠፈር የሚወጣው ብር ለእኛ ምናችን ነው?» ተብለው ሲጠየቁ እንዴት ይመልሳሉ?

ሐይቅ ከተማ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ክፍል ውስጥ ስለ ሳተላይት ባነሳሁ ቁጥር ወሬው በተማሪዎቹ በኩል ቤታቸው ይደርሳል፤ ከቤት ደግሞ ጥያቄ ሆኖ ወደ እኔ ይመለሳል። ቡና ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ሚኒባስ ውስጥ ያገኘኛል። «እንዲያው ልጄ፣ ሰው የሚቀምሰው አጥቶ መንግሥት ሰማይ ላይ ብር የሚበትነው ለምንድን ነው?»

ይህን ለመጠየቅ ከወሎ ሰው የበለጠ መብት ያለው የለም። የ66ቱን የሚያስታውስ ሽማግሌ፣ በ77ቱ ወንድሟን የቀበረች እናት እዚሁ ሰፈራችን አሉ። ስለዚህ መልሳችን ተጠንቅቆ የተዘጋጀ መሆን አለበት። እኔ የሕዝብ ገንዘብ ለጠፈር ሥራ መውጣት አለበት ከሚሉት ወገን ነኝ። ይህን የምጽፈውም ለመምህራን፣ ለግብርና ባለሙያዎች፣ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ወደ ቤት ለሚመጡ ልጆች ነው። ጥያቄው ሲመጣ ባዶ እጃችሁን እንዳያገኛችሁ።

መጀመሪያ ጥያቄውን ለያዩት

«ጠፈር» ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ጨረቃ ላይ የሚራመድ ፈረንጅ ነው። እናንተ ግን ሦስት የተለያዩ ሥራዎች እንዳሉ ንገሩ። አንደኛው ከላይ ሆኖ ምድርን የሚያይ ሳተላይት ነው። ሁለተኛው ከምድር ሆኖ ሰማይን የሚያይ ቴሌስኮፕ ነው። ሦስተኛው ወደ ጨረቃና ወደ ማርስ የሚላክ መንኮራኩር ነው። ኢትዮጵያ እስካሁን ያለችው በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ውስጥ ብቻ ነው። ወደ ጨረቃ የሚሄድ የኢትዮጵያ ብር የለም። ይህን ብቻ ስትናገሩ የጠያቂው ፊት ግማሽ በግማሽ ይፈታል።

ከዚያ ማን ከፈለ የሚለውን አንሡ። የእንጦጦን ኦብዘርቫቶሪ፣ ማለትም የሰማይ መመልከቻውን ጣቢያ፣ ብዙ ሰው የመንግሥት ገንዘብ ነው ይለዋል። 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያሉት ሁለቱ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ግን ወጪያቸው በአብዛኛው የተሸፈነው በሼህ መሐመድ አል አሙዲ ነው። ወልድያ ላይ ይህን ስናገር «የእኛው ሰው!» የማይል የለም። እኔም ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን የባለሀብት ስጦታና የሕዝብ በጀት አንድ አይደሉም። ስጦታ ግንባታውን ይጨርሳል። በየዓመቱ ደመወዝ የሚከፍለው፣ መስታወቱን የሚያስጠግነው፣ ተማሪውን የሚያስተምረው በጀት ነው።

ትልቁን ቁጥር በአንድ ሰው አካፍሉት

ሚሊዮን ዶላር የሚባል ነገር ባቲ ገበያ ላይ ትርጉም የለውም። ኢቲአርኤስኤስ-1 የተባለችውን የመጀመሪያዋን ሳተላይታችንን ውሰዱ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ከቻይና ታይዩዋን ተወነጨፈች። ክብደቷ 70 ኪሎ ገደማ ነው። በወቅቱ እንደተነገረው ሥራዋ ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈጅቷል፤ ከዚያ ውስጥ 6 ሚሊዮን የሚጠጋውን ቻይና ከፍላለች። በእኛ ላይ የቀረውን ከፍ አድርጋችሁ 2 ሚሊዮን ዶላር ብትሉት እንኳ፣ በዚያን ጊዜ ምንዛሪ 64 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው። ለ110 ሚሊዮን ሕዝብ አካፍሉት። ለአንድ ሰው 60 ሳንቲም አይሞላም። ይህን ሒሳብ በአፍ አትንገሩ፤ ወረቀት አውጥታችሁ ከሰውየው ጋር አብራችሁ አስሉት። ራሱ ያሰላውን ሰው ያምነዋል።

ሳንቲም ነው ብላችሁ ግን አትናቁት። የቻይና ድርሻ ስጦታ ነውና «ርካሽ ነበር» ማለት ሙሉ እውነት አይደለም። ቀጣዩን ሳተላይት ማን ይከፍላል ተብላችሁ ብትጠየቁ መልሱ «እኛ» ሊሆን ይችላል።

የሌላ አገር ማነጻጸሪያ ከተፈለገ አሜሪካን ማንሳት ይቻላል። ናሳ በዓመት 25 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ያገኛል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ከሚያወጣው ከእያንዳንዱ 100 ዶላር 40 ሳንቲም እንኳ አይሞላም። ወደ ጨረቃ ለመሄድ በሚሯሯጡበት በፈረንጆች 1966 ግን ከ100 ዶላር 4 ዶላር በላይ ነበር። ለእኛ የምትቀርበው ግን ሕንድ ናት። ነሐሴ 2015 በጨረቃ ደቡባዊ ክፍል ያሳረፈቻት ቻንድራያን-3 የፈጀችው 615 ክሮር (6.15 ቢሊዮን) ሩፒ፣ 75 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ሕንድም ድሃ ገበሬ ያላት አገር ናት፤ እዚያም ይኸው ጥያቄ ይነሳል።

ስልካችሁን አውጡና አሳዩ

ከቃል ይልቅ ይህ ይሠራል። ኮፐርኒከስ ብራውዘር የሚባል የአውሮፓ ኅብረት ድረ ገጽ አለ። ኮምፒውተር ቢሻልም በስልክም ይከፈታል፤ ክፍያ የለውም። የሴንቲኔል-2 ሳተላይቶችን ፎቶ ያሳያል። እነሱ አንድን ቦታ በ5 ቀን አንዴ ያህል ያያሉ። አንዷ ነጥብ መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት። ስለዚህ አንድ ጥማድ መሬት፣ ማለትም ሩብ ሄክታር ገደማ፣ ፎቶው ላይ 25 ነጥብ ይሆናል። ለገበሬ ይህን ንገሩት። ማሳው የሚታይ መሆኑ ወዲያው ይገባዋል።

እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው ከሐይቅ ነው። ውሃው ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ባሕረ ገብ መሬት ወደ ውሃው ገብቶ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሽማግሌዎቹ ገዳሙን ሲያውቁት ስልኩን ከእጄ ይወስዱታል። ከዚያ ትንሽ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስትሄዱ አርዲቦን ታገኛላችሁ። ቦታውን ካወቁት በኋላ ነው ወደ ቁም ነገሩ የምትገቡት።

ቀኑን በጥንቃቄ ምረጡ። ሐምሌና ነሐሴ ደመና ስለሚሸፍነው ነጭ ነገር ብቻ ታያላችሁ። የመስከረም መጨረሻ ወይም የጥቅምት ፎቶ ይሻላል። የደመናውን መጠን የሚገድብ ማስተካከያ ስላለ እሱን ዝቅ አድርጉት። ከዚያ «ኤንዲቪአይ» የሚለውን ምረጡ። ይህ የቅጠሉን ልምላሜ የሚለካ ነው። ጤናማ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጣል፤ ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ ደግሞ መልሶ ያንጸባርቃል። ቁጥሩ የሚሰላው ሳተላይቱ ከለካው ከሁለቱ ልዩነት ነው። የጠወለገ ማሽላ ገና በዓይን ቢጫ ሳይመስል እዚያ ላይ ቁጥሩ መውረድ ይጀምራል።

አሁን ሁለት ዓመት አነጻጽሩ። በልግ ለሚያርሰው ለደላንታና ለዋድላ ሰው የሚያዝያን ፎቶ፣ ለራያ ቆቦ ሰው የመስከረምን። «ያ ዓመት አስታወሳችሁ?» በሉ። እነሱ ራሳቸው ይነግሯችኋል፤ በልጉ የቀረበትን፣ አንበጣው የገባበትን። በ2013 መግቢያ አንበጣው ወሎ ላይ ሲወርድ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዝናብ የጣለበትንና ሣር የበቀለበትን በረሃ ለመከታተል የሳተላይት መረጃ ይጠቀም ነበር። አንበጣው የሚራባው እርጥብ አሸዋ ላይ ስለሆነ ነው።

ኔትወርክ ላይ አትተማመኑ። ፎቶዎቹን አስቀድማችሁ አውርዱ። ገጠር ከወጣችሁ በኋላ ክብ ምልክት እየዞረ ሰው ቢጠብቅ ነገሩ ሁሉ ይበላሻል።

«ካዩ በኋላስ?» ለሚለው ተዘጋጁ

ተሁለደሬ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ፎቶውን አይተው ሲያበቁ «ዝናቡን እነዚህ ያመጡታል?» አሉኝ። «አያመጡም አባባ፤ መቅረቱን ግን ቀድመው ያያሉ» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ካዩ በኋላስ?» አሉ።

ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። ሸሽታችሁ አትለፉት። በ1976 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ረሃብ እየመጣ መሆኑን አስታውቆ ነበር። እርዳታው በብዛት የመጣው ግን በ1977 ጥቅምት የኮረም ምስል በዓለም ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። ማየት ብቻውን ሰው አላዳነም። ይህን በግልጽ ንገሯቸው፤ እነሱ ከእናንተ በላይ ያውቁታልና።

ቀጥሎ ያለውን ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። ከዚያ እልቂት በኋላ፣ በፈረንጆች 1985፣ የአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት ፊውስ ኔት ተብሎ የሚታወቀውን የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት አቋቋመ። መነሻው የኢትዮጵያና የሱዳን ረሃብ ነው። የዝናብና የልምላሜ መረጃውን በብዛት የሚያገኘው ከሳተላይት ነው። በሌላ አባባል ዛሬ ዓለም ረሃብን ከሰማይ የሚከታተልበት መንገድ የተጠረገው በእኛ ሙታን ላይ ነው። እኔ ይህን ስናገር ድምፄ ይቀየራል፤ ግን አልተወውም። ሳተላይት ለወሎ የሰው ነገር አይደለም።

አሁን ስለ ገንዘቡ። ጥር 2017 ላይ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም ፊውስ ኔት ድረ ገጹ ተዘጋ። ለወራት ጠፍቶ ነው የተመለሰው። አንድ ሌላ አገር የራሱን በጀት ሲቆርጥ የእኛ ገበሬ የሚጠበቅበት ዓይን ተከደነ። ሴንቲኔልም በአውሮፓ ግብር ከፋይ ገንዘብ ነው የሚበረው። ከፈረንጆች 1972 ጀምሮ ምድርን ሲያነሳ የኖረው ላንድሳት የአሜሪካ ነው፤ ፎቶዎቹ ለሁሉም በነፃ የተለቀቁት በፈረንጆች 2008 ነው። ባለቤቱ የሰጠውን ባለቤቱ ሊነሳ ይችላል። የራሳችን ሳተላይት፣ የራሳችን መቀበያ ጣቢያ፣ ከሁሉም በላይ ምስሉን ማንበብ የሚችል የራሳችን ሰው ያስፈልገናል የምለው ለዚህ ነው። ለኩራት ብዬ አይደለም።

ሽማግሌውን የመለስኩላቸው እንዲህ ብዬ ነው፦ «አባባ፣ ካዩ በኋላ እህል የሚጭነው መኪና ሌላ በጀት ነው። እሱንም እኩል ጠይቁ።»

የማትሉት ነገር

«የአገር ኩራት ነው» አትበሉ። የራበው ሰው ፊት ይህ ስድብ ይሆናል። «ጣሪያህ ላይ ያለው ዲሽስ?» አትበሉ። የቴሌቪዥኑ ሳተላይት የንግድ ኩባንያ ነው፤ በምርምር በጀት የተሠራ አይደለም። ተከራካሪያችሁ ይህን ካወቀ ሌላውን ሁሉ ይጥልባችኋል። ረሃብና ጠፈር አንድ ኪስ ውስጥ ያለ ብር እንደሚሻሙ አድርጋችሁም አትከራከሩ።

ሰማይን ለማወቅ ብቻ ስለሚወጣው ገንዘብ ከተጠየቃችሁ ደግሞ ጥቅም ፈልጋችሁ አትለጥፉበት። ሰኔ 14 ቀን 2012 ጠዋት ፀሐይ ላሊበላ ላይ ቀለበት ሆና ስትታይ ሰዓቷና መንገዷ ከብዙ ዓመት በፊት ተሰልቶ ታውቆ ነበር። ከእንጦጦው የሚበልጥ ቴሌስኮፕ ላስታ ተራሮች ላይ የመትከል ሐሳብ መኖሩም በ2007 ተነግሮ ነበር። እኔ አንድ ቀን እንዲሆን እመኛለሁ። የወሎ ልጅ ከዋክብትን ማወቅ ይገባዋል፤ ለዚህ ሌላ ምክንያት አያስፈልገውም።

በመጨረሻ፣ በጀቱን አብራችሁ ፈልጉ

ወሬው ቡና ላይ ብቻ እንዳይቀር። የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የፌዴራል በጀቱ በአዋጅ ጸድቆ በነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል። የ2018ቱ 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። ሰንጠረዡ ውስጥ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት የሚለውን መሥሪያ ቤት ፈልጉ። መደበኛውን (የደመወዝና የዕለት ተዕለት ሥራ ወጪውን) እና ካፒታሉን (የግንባታና የመሣሪያ ወጪውን) ለየብቻ ጻፉ፤ ከጠቅላላው በጀት ስንት በመቶ እንደሆነ አስሉ። አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ መሥሪያ ቤት የቀድሞውን የካርታ ሥራ ድርጅት ሥራም ጠቅልሎ ይዟል። ስለዚህ እዚያ ያለው ብር ሁሉ የጠፈር አይደለም፤ የካርታና የመሬት ልኬት ሥራም አለበት።

ከዚያ የምክር ቤት አባላችሁን ጠይቁ። ምክር ቤቱ ከሰኔ 30 በኋላ እስከ መስከረም መጨረሻ እረፍት ላይ ነው፤ በክረምት ወደ መረጧቸው ሰዎች ይወርዳሉ። ስብሰባ ላይ እጃችሁን ስታወጡ ረጅም ንግግር አታድርጉ። ጥያቄዎቹን በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። እኔ የያዝኳቸው እነዚህ ናቸው፦ ኢቲአርኤስኤስ-1 ካነሳችው ምስል የእኛ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት የደረሰው የትኛው ነው? በልግ መቅረቱ በሳተላይት ከታወቀበት ቀን እስከ እህል መጫኛው ቀን ስንት ቀን ይፈጃል? ለቀጣዩ ሳተላይት ከራሳችን በጀት ስንት ተይዟል? መልሱን በጽሑፍ ጠይቁና ወደ ቡናው ይዛችሁት ተመለሱ፤ የጠየቋችሁ ሰዎች እየጠበቁ ነው።