መሪ ጨብጦ ልብን ማሳረፍ፦ ተራ ስጠብቅ የማደርገው

ከመገናኛ ሜክሲኮ ሚኒባስ እየነዳሁ መመላለስ ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። ቁጣዬ ከአፌ በፊት ከእጄ እንደሚጀምር ያወቅኩት ግን የዛሬ ሦስት ዓመት ነው።

የዚያን ዕለት ኡራኤል አካባቢ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመናል። ከኋላ ጥሩምባ፣ ከውስጥ በመልስ የሚጨቃጨቁ ረዳቴና አንዲት እናት፣ ከፊት ንቅንቅ የማይል የመኪና ሰልፍ። ልቤ እንደ ከበሮ መምታት ጀመረ፤ ደረቴ ጠበበኝ፤ ጣቶቼ ደነዘዙ። የምሞት መሰለኝ። ሆስፒታል ሄጄ ተመረመርኩ፤ ልብህ ደህና ነው ተባልኩ። (ደረቱን የሚያመው ሰው አስቀድሞ መመርመር አለበት፤ እኔ የምነግራችሁ ከዚያ በኋላ ያለውን ነው።) የተቀበለችኝ ሲስተር እጄን አየት አድርጋ «መኪናውን ውጭ አቁመህ፣ መሪውን ግን ይዘኸው ገብተሃል» አለችኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ ሁለቱም እጆቼ እንደተጨበጡ ናቸው።

ያስተማረችኝ እንዲህ ነው። አንድ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ፣ ሌላውን ሆዳችሁ ላይ አድርጉ። እስከ 4 እየቆጠራችሁ በአፍንጫ ቀስ ብላችሁ አየር አስገቡ፤ ከፍ ማለት ያለበት ሆድ ላይ ያለው እጅ ነው። ከዚያ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ከንፈር ጠበብ አድርጋችሁ፣ እስከ 6 እየቆጠራችሁ አስወጡ። አንዱ ዙር 10 ሰከንድ ይፈጃል፤ በደቂቃ 6 ጊዜ ማለት ነው። ያረፈ ጤነኛ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ስለሚተነፍስ መጀመሪያ ላይ መዘግየቱ ሊከብዳችሁ ይችላል። ከከበዳችሁ በ3 አስገብታችሁ በ5 አስወጡ።

ዋናው ነገር ማስወጣቱ ላይ ነው። አየር ስናስገባ ልብ ትንሽ ትፈጥናለች፤ ስናስወጣ ትዘገያለች። ከአንጎል ሥር ተነስቶ ወደ ልብና ወደ ሆድ ዕቃ የሚወርድ ቬገስ የሚባል ነርቭ አለ፤ የልብን ፍጥነት የሚይዘው ፍሬን እሱ ነው። ስናስወጣ ፍሬኑ ይረገጣል። እኔ ግን በመጀመሪያው ሳምንት «በረጅሙ ተንፍስ» የተባልኩት ብዙ አየር እንድስብ መስሎኝ በኃይል ስስብ ራሴን አዞረኝ፣ ከንፈሬንም ነዘረኝ። ተመልሼ ስጠይቃት፣ ያኔ ኡራኤል ላይ ጣቶቼን ያደነዘዛቸውም ይኸው ከልክ በላይ መተንፈስ ሳይሆን እንደማይቀር ነገረችኝ። ስለዚህ አየሩ ትንሽ ይሁን፣ ለስላሳ ይሁን፤ መውጫው ይርዘም።

መኪና እየነዱ ዓይን መጨፈን አይታሰብም። ትንፋሽ መቁጠርም ቢሆን መኪናው ቆሞ ነው። እኔ ተራ ስጠብቅ ሞተር አጥፍቼ 5 ደቂቃ እቀመጣለሁ። ለረዳቴ ነግሬዋለሁ፤ 12ቱ ሰው እስኪሞላ አይጠራኝም። እየነዳሁ የማደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መሪውን ምን ያህል እንደጨበጥኩት ማስተዋል። ጣቴን ላላ፣ ትከሻዬን ዝቅ፣ የተነከሰ ጥርሴን ለቀቅ አደርጋለሁ። ይህን ስታደርጉ ዓይናችሁ ከመንገድ አይነሳም።

ማታ ደግሞ ሌላ ነው። ሰውነቴ አልጋ ላይ ተጋድሞ እንኳ ፍሪሲዮን የሚረግጥ ይመስለኝ ነበር። ኤድመንድ ጃኮብሰን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ያስተዋወቀው መላ አለ፤ ጡንቻን ሆን ብሎ አጥብቆ መልቀቅ። ዘና በል ተብሎ ዘና የሚል ሰው የለም፤ ጡንቻ ግን መጥበቁን ካወቀ መላላቱን ያውቃል። ሁለት እጃችሁን ለ5 ሰከንድ ያህል ጨብጡ፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ልቀቁና ለ20 ሰከንድ ያህል ሙቀቱን፣ ክብደቱን አዳምጡ። ቀጥሎ ትከሻን ወደ ጆሮ፤ ከዚያ ፊትን መጨማደድ፤ ከዚያ ሆድ፣ ጭን፣ የእግር ጣት። የሚያማችሁን ቦታ ዝለሉት። እኔ ወገቤን እዘለዋለሁ፤ የሾፌር ወገብ መቼም ታውቁታላችሁ። ብዙውን ጊዜ እግሬ ጋ ሳልደርስ እንቅልፍ ይወስደኛል።

«ይህ የባዕድ እምነት አይደለም ወይ?» ብለው የጠየቁኝ አሉ። የሚያስጨንቃቸው ነገር ይገባኛል፤ እኔም ጠይቄያለሁ። ትንፋሽ መቁጠር ግን ከማንም ጸሎት ጋር አይጣላም። ረዳቴ ሙስሊም ነው፤ ከሰላት በኋላ ተቀምጦ ያደርገዋል። እኔ ደግሞ በዓቢይ ጾም ከእናቴ ቤት የለመድኩት በገና አለ። አሥር አውታር ነው፤ ድምፁ ከአውታሮቹ ሥር ከሚደረገው ቁራጭ ቆዳ፣ ከእንዝራው የተነሳ ወፈር ብሎ ይነዝራል። ማታ ስልኬ ላይ ከፍቼ አንዱ አውታር ሲመታ ድምፁን እስኪጠፋ እከተለዋለሁ። ሐሳቤ ወደ ቅጣት ወረቀት፣ ወደ ልጆቹ ክፍያ ይሄዳል። አይቼ እመልሰዋለሁ። በአንድ መዝሙር ውስጥ ሠላሳ ጊዜ ቢሄድ ሠላሳ ጊዜ ነው የምመልሰው። ብዙ ሰው «አእምሮዬ አልረጋ አለኝ» ብሎ የሚያቆመው እዚህ ጋ ነው። እባካችሁ እዚህ ጋ አታቁሙ። ጥሞና ማለት ይኸው መመለሱ ነው።

ለቁጣ የሚረዳኝ ይህ ልምምድ ነው። ሰው ሲሰድበኝ በልቤ «ቁጣ መጣ» እላለሁ፤ «ተቆጣሁ» አልልም። ከዚያ የት እንዳለ እፈልገዋለሁ፤ እጄ ላይ ነው? አንገቴ ላይ? እስካገኘው ሁለት ሦስት ትንፋሽ ያልፋል፤ ያ ጊዜ መልስ ለመምረጥ ይበቃኛል። ቁጣው ሁልጊዜ ይጠፋል አልላችሁም።

አንድ ነገር ልጨምር። የአክስቴ ልጅ ከአረብ አገር ከተመለሰች በኋላ ይህን ላስተምራት ስል ዓይኗን እንደጨፈነች ያሳለፈችው ሁሉ መጣባት፤ ተንቀጠቀጠች። የኔ ስህተት ነው፤ ዝም ብዬ ዓይንሽን ጨፍኚ ማለት አልነበረብኝም። ክፉ ነገር ያየ ሰው ዓይኑን ገልጦ፣ እግሩን መሬት አስረግጦ ይጀምር። በዙሪያው የሚያያቸውን 5 ነገሮች በስማቸው ይጥራ፤ ጀበና፣ መጋረጃ፣ የበር እጀታ። ከዚያ የሚሰማቸውን ድምፆች። ትንፋሹን መንካት ካስፈራው ይተወው። እንቅልፍ ማጣቱና ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ወይም መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ነው። እሷን አማኑኤል ሆስፒታል የወሰድኳት እኔ ነኝ፤ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ተራ ስንጠብቅ የግቢውን ዛፎች አብረን ቆጠርን። አሁን መድኃኒቷንም ትወስዳለች፣ ጠዋት ጠዋትም ቡና ስትቆላ ስልኳን ሌላ ክፍል አስቀምጣ ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ ሲለወጥ፣ መንጣጣት ሲጀምር፣ ጢሱ ሲነሳ ብቻ ትከታተላለች።