የክሮን መስመር ስታነቡ መጀመሪያ ደቂቃዋን እዩ
ክሮን ሥራዎችን በተያዘላቸው ሰዓት በራሱ የሚያስነሳ ፕሮግራም ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አንድ ባክአፕ እንዲወሰድ ፈልጌ ይህን ጻፍኩና ተኛሁ፦

* 2 * * *

ጠዋት ስነሳ 60 ባክአፕ ተደርድሮ ጠበቀኝ። ዲስኩ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ክሮን ግን አልተሳሳተም፤ ያልኩትን ነው የሠራው።

መስመሩ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ አምስት ቦታዎች አሉ፦ ደቂቃ (0-59)፣ ሰዓት (0-23)፣ የወሩ ቀን (1-31)፣ ወር (1-12) እና የሳምንቱ ቀን (0-6)። 0 እሑድ ነው፣ ብዙ ቦታ 7ም እሑድ ነው። ሰዓቱ የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት ስለሆነ 2 ማለት ሌሊት 8፣ 9 ማለት ጠዋት 3፣ 18 ማለት ምሽት 12 ሰዓት ነው። ወር 1 ደግሞ ጃንዋሪ ነው።

ኮከብ «ሁሉም» ማለት ነው። እስቲ አሁን የኔን መስመር እንደገና አንብቡት። ሰዓቱ 2 ሆኖ እስካለ ድረስ፣ በእያንዳንዱ ደቂቃ! ከ2፡00 እስከ 2፡59፣ 60 ጊዜ። መጀመሪያዋ ላይ ከኮከቡ ይልቅ 0 ባደርግ ኖሮ አንዴ ሠርቶ ያበቃ ነበር።

ሌሎቹ ምልክቶች ቀላል ናቸው። ኮማ ለዝርዝር ነው፣ ሰረዝ «ከዚህ እስከዚህ» ነው፣ እዝባር (/) ደግሞ «በየ»።

*/15 9-17 * * 1-5

እኔ ከቀኝ ጀምሬ ሳነብ ይቀለኛል፦ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ፣ በየ15 ደቂቃው። መቼ ያቆማል? 11 ሰዓት ላይ እንዳትሉ። 17 ራሱ ስለሚካተት የመጨረሻው 11፡45 ላይ ነው።

እዝባሯም ትሸውዳለች። ደቂቃው ላይ */40 ካያችሁ በየ40 ደቂቃው አይደለም። ቆጠራው ሰዓቱ በተቀየረ ቁጥር ከ0 ስለሚጀምር 0 ላይ ይሠራል፣ 40 ላይ ይሠራል፣ ከዚያ 20 ደቂቃ ብቻ ቆይቶ ተመልሶ 0 ላይ። 60ን ያለ ቀሪ የማያካፍል ቁጥር ስታዩ ጠርጥሩ።

ብዙ ሰው ጉድ የሚሆነው ግን እዚህች ላይ ነው፦

0 0 13 * 5

«13ኛው ቀን ዓርብ ላይ ሲውል» ትመስላለች አይደል? እኔም እንደዛ ነበር የማነባት። መደበኛው የዩኒክስ ክሮን ግን ሁለቱም የቀን ቦታዎች ቁጥር ካላቸው በመካከላቸው «ወይም» እንዳለ ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ ወር በገባ በ13ም፣ በየዓርቡም ይሠራል። ከሁለቱ አንዱ ኮከብ ከሆነ ይህ ጣጣ የለም።

ስድስት ቦታ ያለው መስመር ከገጠማችሁ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ሰከንድ ነው፤ ግን የመሣሪያውን ሰነድ ሳታዩ አትገምቱ። የሰርቨሩን ታይም ዞንም እዩ። ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ላይ ከተቀመጠ መስመሩን አንድም ሳትስቱ አንብባችሁ፣ ሥራው እናንተ ባላሰባችሁት ሰዓት ይነሳል።