በገበሬዎች ገበያ ፉድ ስታምፕ ተቀብሎ ለመሸጥ ምን ያስፈልጋል?

በአሜሪካ የገበሬዎች ገበያ ላይ ጎመን፣ ቃሪያ፣ እንጀራ፣ በርበሬ ወይም ማር ይዞ የሚቆም ሻጭ «ኢቢቲ ትቀበላላችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ደጋግሞ ይሰማል። ፉድ ስታምፕ፣ በዛሬ ስሙ ስናፕ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች መንግሥት የሚሰጠው የምግብ ድጎማ ነው፤ ኢቢቲ የሚባለው ደግሞ ድጎማው የሚከፈልበት ካርድ ነው። ድጎማው በወረቀት ኩፖን ይከፈል በነበረበት ጊዜ ገበሬው ለመቀበል ማሽን አያስፈልገውም ነበር። ክፍያው ወደ ካርድ ሲዞርና እ.ኤ.አ. በ2004 ካርዱ በሁሉም ስቴቶች ሲዳረስ ግን መብራትና የስልክ መስመር በሌለበት ሜዳ ላይ የሚሸጡ ብዙ ገበሬዎች ከሥርዓቱ ውጭ ቀሩ። ዛሬ በሞባይል ኔትወርክ የሚሠሩ ማሽኖች ስላሉ ይህ እንቅፋት በአብዛኛው ተወግዷል፤ የቀረው ፈቃድ ማውጣትና ሒሳብን በአግባቡ መያዝ ነው።

ማሽን ከመፈለግዎ በፊት የገበያውን አስተባባሪ ያነጋግሩ። ብዙ ገበያዎች በስማቸው አንድ ፈቃድ አውጥተው ለሁሉም ሻጮች ያገለግላሉ። ደንበኛው የገበያው መረጃ በሚሰጥበት ድንኳን ካርዱን አስነብቦ የሚስጥር ቁጥሩን ራሱ ያስገባል፤ በምትኩም አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱ የአንድ ዶላር ዋጋ ያለው ቶከን (በገበያው ውስጥ እንደ ገንዘብ የሚያገለግል ምልክት) ይቀበልና ከሻጭ ወደ ሻጭ እየዞረ ይገዛበታል። ሻጩ የሰበሰበውን ቶከን ለአስተባባሪው ያስረክባል፤ ገበያው በያዘው የክፍያ ቀንም ገንዘቡን ይቀበላል። በአንድ ገበያ ብቻ ለሚሸጥ ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ ያለ አይመስለኝም፤ የፈቃዱም የማሽኑም ኃላፊነት የገበያው ነውና። ጉዳቱ ገንዘቡ ዘግይቶ መድረሱ ነው፤ ስለዚህ ውል ከመግባትዎ በፊት ክፍያው በየስንት ቀኑ እንደሚፈጸም ጠይቆ በጽሑፍ መያዝ ተገቢ ነው።

ያመረተውን በተለያዩ ገበያዎች ወይም በራሱ እርሻ ደጃፍ የሚሸጥ ገበሬ ግን የራሱን ፈቃድ ቢያወጣ ይመረጣል። ማመልከቻው ለአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የምግብና የሥነ ምግብ አገልግሎት ክፍል በኢንተርኔት የሚቀርብ ሲሆን ክፍያ አይጠየቅበትም። የባለቤቱ መታወቂያና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ማስረጃ አብሮ ይቀርባል፤ ውሳኔው እስከ 45 ቀን ሊወስድ ስለሚችል የገበያው ወቅት ከመከፈቱ በፊት፣ በብርዱ ወራት ማመልከት ያዋጣል። ፈቃዱ ሲመጣ ስቴቱን ስለ ማሽን መጠየቅ አይዘንጋ፤ መደበኛ መደብሮች ማሽናቸውን በራሳቸው ወጪ እንዲያቀርቡ በ2014ቱ የእርሻ ሕግ ሲደነገግ፣ የገበሬዎች ገበያዎችና በቀጥታ የሚሸጡ ገበሬዎች ከዚህ ግዴታ ውጭ ተደርገዋል። ፈቃዱ ለአመልካቹ ብቻ የተሰጠ በመሆኑ ንግዱ ቢሸጥ ለገዢው አይተላለፍም።

የእኛ ሻጮች በተለይ ሊጠነቀቁ የሚገባው በካርዱ ምን ይሸጣል በሚለው ላይ ነው። አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ሥጋ፣ እንቁላል፣ የወተት ውጤት፣ ዳቦና እንጀራ፣ በርበሬና ሽሮ፣ ማር፣ ጥሬም ሆነ የተቆላ ቡና ይሸጣሉ። ቤተሰቡ ምግብ የሚያበቅልበት የጎመን ዘርና የቲማቲም ችግኝም ይሸጣል፤ ይህን የማያውቁ ደንበኞች ብዙ ናቸው፣ ስለዚህ በጽሑፍ ተለጥፎ ቢታይ መልካም ነው። ሲሸጥ ትኩስ የሆነ ምግብና እዚያው የሚበላ ምግብ ግን አይፈቀድም። ከድስት የወጣ ትኩስ ሳምቡሳ በካርዱ አይገዛም፤ ያው ሳምቡሳ ቀዝቅዞና ታሽጎ ወደ ቤት ለመውሰድ ሲቀርብ ይገዛል። በጀበና የተፈላ ቡና፣ ጠጅ፣ ዕጣን፣ ሳሙናና አበባ አይፈቀዱም። ከሽያጩ ከግማሽ በላይ ተዘጋጅቶ የሚበላ ምግብ የሆነ ንግድ በደንቡ እንደ ምግብ ቤት ስለሚቆጠር በራሱ ፈቃድ ለማግኘት ይከብደዋል፤ እንዲህ ያለው ሻጭ የታሸገውን ቀዝቃዛ ምግብ በገበያው ቶከን ቢሸጥ ይሻለዋል። ከ2026 መጀመሪያ አንሥቶ አንዳንድ ስቴቶች ለስላሳ መጠጥና ከረሜላ በካርዱ እንዳይገዛ መከልከል ስለጀመሩ የስቴትዎን ዝርዝር ይመልከቱ።

በካርድ የሚገዛ ሰው ከሌላው ደንበኛ እኩል መስተናገድ አለበት። ዋጋ መጨመር፣ «ከአምስት ዶላር በታች አልሸጥም» ማለት ወይም ለብቻው ተሰልፎ እንዲጠብቅ ማድረግ ደንብ መተላለፍ ነው። በካርዱ በተገዛ ምግብ ላይ የሽያጭ ታክስ አይታሰብም። ለስናፕ ቶከን በጥሬ ገንዘብ መልስ አይሰጥም፤ ደንበኛው ሦስት ዶላር ከሰማንያ ሳንቲም የሚያወጣ ጎመን በአራት ቶከን ከገዛ፣ ለሃያው ሳንቲም አንድ ሁለት ቃሪያ መጨመር በገበያተኞች ዘንድ የተለመደ መፍትሔ ነው። የተመለሰ ዕቃ ሒሳብም ወደ ካርዱ ይመለሳል እንጂ በእጅ አይሰጥም። ካርዱን በጥሬ ገንዘብ መለወጥ፣ ዘመድ ወይም ጎረቤት ተቸግሬያለሁ ብሎ ቢለምን እንኳ፣ ፈቃድን ለዘለቄታው የሚያሳጣ ጥፋት ነው፤ በይሉኝታ የሚደረግ መሆኑ ቅጣቱን አያቀልለውም።

ኔትወርክ በሚጠፋበት ቀን የወረቀት ቫውቸር ሞልቶ፣ ስልክ ደውሎና የማረጋገጫ ቁጥር ተቀብሎ መሸጥ ይቻላል፤ ቁጥሩን ሳይቀበሉ ዕቃ የሰጡ ከሆነ ገንዘቡን ላያገኙ ይችላሉ። የስናፕን ቶከን በተራ የባንክ (ዴቢት) ካርድ ለሚከፍሉ ደንበኞች ከሚሰጠው ቶከን ለይቶ በተለያየ ከረጢት መያዝ፣ ገበያው ሳይበተንም ቆጥሮ ከአስተባባሪው ጋር መፈራረም ከብዙ ክርክር ያድናል።

ብዙ ገበያዎች የደንበኛውን ገንዘብ በእጥፍ የሚያሳድግ ድጎማ አላቸው። ከብዙ ኢትዮጵያውያን መኖሪያ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም ሳይርቅ፣ በሜሪላንድ ታኮማ ፓርክ የሚገኘው ክሮስሮድስ ገበያ በ2007 ይህን ከጀመሩት ቀደምት ገበያዎች አንዱ ነው፤ እንዲህ ላለው ድጎማ በ2014 የፌዴራል ገንዘብ ተመደበ፣ በ2018ም ፕሮግራሙ ለዚህ ሐሳብ በደከሙት በገስ ሹማከር ስም ተሰየመ። የድጎማው ቶከን ብዙ ጊዜ ለአትክልትና ለፍራፍሬ ብቻ ስለሚሠራ እንጀራና በርበሬ የሚሸጥ ሰው ቀለሙን ሳያጣራ አይቀበል። ለዊክ (የእናቶችና የሕፃናት የምግብ ድጋፍ) ተጠቃሚ እናቶችና ለአረጋውያን የሚሰጠው የገበሬዎች ገበያ ኩፖን ደግሞ ሌላ ፈቃድ አለው፤ የሚመዘግበው የስቴቱ መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ከጅምላ ሻጭ የገዛውን ብቻ የሚሸጥ ነጋዴ አይመዘገብበትም። የማለቂያ ቀኑ ያለፈ ኩፖን ስለማይከፈል፣ የሰበሰቡትን ለወቅቱ መጨረሻ ሳያከማቹ በየሳምንቱ ማስገባት ይበጃል።