ሰው እየሳቀባችሁም ቢሆን፦ ካንትሪ ላይ ዮድል እንዴት ይጀመራል?

ዮድል ማለት ድምፅን ከወፍራም ወደ ቀጭን ድንገት እየዘለሉ መዝፈን ነው፣ እዚህ የምናየው በካንትሪ፣ በአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ ላይ ያለውን ነው። መሃል ሰፋሪ የለውም። ወይ ትወዱታላችሁ፣ ወይ ገና ሲጀምር ድምፁን ትቀንሳላችሁ። የካንትሪ ዘፋኙን ስሊም ዊትማንን ተመልከቱ። በ1955 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) «ሮዝ ማሪ» የተባለው ዘፈኑ እንግሊዝ ውስጥ 11 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። በ1996 በወጣው «ማርስ አታክስ» ፊልም ላይ ደግሞ የዚሁ ሰውዬ ዮድል ሲከፈት የወራሪዎቹ የማርስ ፍጥረታት ጭንቅላት ይፈነዳል። ልትማሩት ካሰባችሁ ሁለቱም ዓይነት አድማጭ እንደሚጠብቃችሁ ከወዲሁ እወቁት።

በመጀመሪያ ጉሮሮ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ እንይ። ስናወራ የምንጠቀምበት ወፍራም ድምፅ አለ፣ ዘፋኞች የደረት ድምፅ ይሉታል። እዚያ ላይ የድምፅ አውታሮቻችን አጠር ወፈር ብለው ነው የሚርገበገቡት። ከሱ በላይ ቀጭኑ፣ ፋልሴቶ የሚባለው አለ፤ አውታሮቹ ተወጥረው ይሳሳሉ፣ በዋናነት ጠርዛቸው ብቻ ይርገበገባል። በሁለቱ መሃል መሻገሪያ አለች። የድምፅ አስተማሪዎች ተማሪዎቻቸውን ይዘው የሚደክሙት ይህቺ መሻገሪያ እንዳትሰማ ነው። ዮድል የሚያደርግ ሰው ግን ሆን ብሎ ያሰማታል። ጎረምሳ ልጅ ሲያወራ ድምፁ ድንገት ሾልኮ ወደ ላይ እንደሚያመልጠው ማለት ነው፣ ብቻ እናንተ በፈለጋችሁበት ሰዓትና በትክክለኛው ኖታ ላይ ነው የምታስመልጡት።

ስለዚህ መሻገሪያችሁን ፈልጉ። «ኦ» በሉና ከታች ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ ውጡ። አትጩሁ። የሆነ ቦታ ላይ ድምፁ እምቢ ይልና ዘሎ ይቀጥናል፣ እሷ ናት። ብዙ ሰው እዚያ ሲደርስ አፍሮ ያቆማል፣ ወይም አንገቱን ገትሮ በወፍራሙ ለመቀጠል ይታገላል። ተዉት፣ ይሰበር።

ቀጥሎ መንሸራተቱን አቁሙና ሁለት ኖታ ብቻ ያዙ፣ አንዱ ከመሻገሪያዋ በታች፣ አንዱ በላይ። ራቅ ራቅ ይበሉ። ለጀማሪ ቀረብ ያሉ ኖታዎች የሚቀሉ ይመስላል፣ ግን ከተቀራረቡ ወፍራሙ ድምፅ ተንጠራርቶ ሁለቱንም ይደርስባቸውና ስብራቱ ሳይመጣ ይቀራል። የአንድ ኦክታቭ ርቀት (ከአንድ ኖታ እስከ ላይኛው ተመሳሳዩ) ጥሩ ነው። ታችኛውን «ኦ»፣ ላይኛውን «ሂ» አድርጉት፦ ኦ-ሂ፣ ኦ-ሂ፣ ኦ-ሂ። «ሂ» ላይ ያለችው ትንሽ ትንፋሽ አውታሮቹ እንዲላቀቁ ትረዳለች። ሲለመድ ትንፋሿን አውጧትና «ኦ-ኢ» ይሁን። አልሆን ካለ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ታችኛው ኖታ ላይ መጮህ ስለሆነ እዚያ ላይ ቀነስ አድርጉ። ላይኛው መጀመሪያ ላይ ደካማ መሆኑ የታወቀ ነው፣ በጉልበት ላስተካክል አትበሉ።

ከዚያ «ዮ-ደ-ሌይ-ኢ-ዩ» ይመጣል። ዮ፣ ደ፣ ሌይ በወፍራሙ ናቸው። ሌይ ላይ ትንሽ ቆሙና ወደ ኢ ዝለሉ። ዩ ላይ እዚያው ላይ መቅረትም ወደ ታች መመለስም ይቻላል፣ እንደ ዜማው ነው። በስልካችሁ ቅዱትና ስሙት፤ በሌይ እና በኢ መሃል ድምፁ እየተጎተተ ከወጣ ገና ነው፣ መቆረጡ ጥርት ብሎ መሰማት አለበት። አንዴ ከተቀመጣችሁ አሥር ደቂቃ በቂ ነው። ጉሮሮ ከከረከራችሁ ለዕለቱ በቃ፤ እልህ እዚህ ቦታ አያዋጣም።

ዘፈን ላይ ለመሞከር ከጂሚ ሮጀርስ ጀምሩ። ባቡር ላይ ሲሠራ የኖረ የሚሲሲፒ ሰው ነው፣ «ብሉ ዮድል» ከተባሉት ተከታታይ ዘፈኖቹ የመጀመሪያውን በኅዳር 1927 ኒው ጀርዚ ካምደን ውስጥ አስቀረጸ፣ በ1933 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። አካሄዱ ቀላል ነው፤ የብሉዝ ስንኝ ይዘፍናል፣ ስንኙ ሲያልቅ አጭር፣ ዘና ያለ ዮድል ያስከትላል። አይቸኩልም። ዘጠነኛው «ብሉ ዮድል» ላይ ሉዊ አርምስትሮንግ ትራምፔት ሲነፋለት እንኳ ሰውዬው ያው ነው፣ የሚያስቸኩለው ነገር የለም። ዘፋኟ ፓትሲ ሞንታና በ1935 ያስቀረጸችው ዓይነት፣ ምላስ የሚያስተሳስረው ፈጣኑ ዮድል፣ ለኋላ ይቆይ። እሱን የሚፈልግ ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር መሣሪያ) አስቀምጦ፣ በጣም ዝግ ብሎ ጀምሮ፣ ሳያበላሽ ባለፈ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ይሂድ።

ሦስተኛው የሃንክ ዊሊያምስ መንገድ ነው፣ ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው። እሱ ዮድሉን ለብቻው አያቆመውም፣ ቃሉ መሃል ድምፁን ሰበር አድርጎ ያልፋል። በሰኔ 1949 ግራንድ ኦል ኦፕሪ በተባለው የካንትሪ የሬዲዮ መድረክ ላይ መጀመሪያ የቀረበ ዕለት ሕዝቡ ደጋግሞ አስዘፍኖታል። ዘፋኟ ሊአን ራይምስ በ1996፣ ገና በ13 ዓመቷ፣ ሰውን ያስደነቀችው በዚሁ ስብራት ነው። በ2018 ሱቅ ውስጥ ቆሞ የሃንክን ዘፈን ሲዘፍን የተቀረጸው የ11 ዓመቱ ሜሰን ራምዚም እንደዚሁ። ዮድል አልወድም የሚለው ሰው ይህን ሲሰማ ብዙ ጊዜ ዮድል መሆኑም ትዝ አይለውም። ሰዉ የሚሰለቸው፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ዘፈኑን ረስቶ ጉሮሮውን ሲያሳይ የሚያመሽ ዘፋኝ ነው፣ የካውቦይ ባርኔጣና ጫማ ሲጨመርበት ደግሞ ፌዝ ይመስላል። እውነታቸውን ነው።

ጊታር የምትጫወቱ ከሆነ ዘፈኑ የተቀዳበትን ቁልፍ እርሱት። የእናንተ መሻገሪያ ሮጀርስ ጋ ካለበት ቦታ ላይኖር ይችላል። ካፖውን (የጊታሩን አንገት ላይ ክሮቹን የሚጫነውን መቆንጠጫ) ወዲያ ወዲህ እያደረጋችሁ ወፍራሙ ኖታ ሳትጨነቁ የሚወጣበትን፣ ቀጭኑም ከመሻገሪያዋ በደንብ አልፎ የሚቀመጥበትን ቦታ ፈልጉ። ሰው ፊት ስትዘፍኑ ደግሞ ሁለተኛው ስንኝ መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ፣ አጠር አድርጋችሁ ልቀቁት። ተሳስታችሁ ድምፁ ከተንቋረረ አትሳቁ፣ ይቅርታም አትጠይቁ፣ ግጥሙን ቀጥሉ። ቤቱ ፈገግ ካለ መጨረሻ ላይ ድገሙት፤ ፊታቸው ከጠቆረ በጊታር ብቻ ዝጉት።