ይሄ ደሞ ቃል ነው? ቀልድ የሚመስል የእንግሊዝኛ ቃል ሲያጋጥማችሁ እንዴት እንደምታጣሩ

ቲክቶክ ላይ "ፈረንጆች ራሳቸው የማያውቋቸው ቃላት" ምናምን የሚሉ ቪዲዮዎች አሉ አይደል፣ ከነሱ ውስጥ የተወሰነው እውነት ነው የተወሰነው ደሞ ዝም ብሎ ፈጠራ፣ ችግሩ ጆሮ ብቻውን ሊለየው አይችልም። ዲስኮምቦቢዩሌት ስትሉት የሕፃናት ጨዋታ ነው የሚመስለው፣ ግን ትክክለኛ ቃል ነው፣ ሰውን ግራ ማጋባት ማለት ነው፣ አሜሪካኖች ከ1830ዎቹ ጀምሮ የላቲን ቃል እየመሰሉ ሲቀልዱ ከፈጠሯቸው አንዱ ነው። እንደውም ሚልዋኪ ኤርፖርት ፍተሻውን አልፋችሁ ጫማና ቀበቶ የምታስሩበት ቦታ ላይ "ሪኮምቦቢዩሌሽን ኤሪያ" የሚል ታፔላ ሰቅለዋል፣ ግራ ከመጋባት የምትመለሱበት ቦታ እንደማለት። ኤስኪቫሊየንስ የሚለው ደሞ ሲሰሙት የተማረ ሰው ቃል ነው የሚመስለው፣ እሱ ግን ውሸት ነው፣ ትንሽ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ስለዚ ድምፁን እርሱት። የሚታየው መቼ ተጻፈ፣ ማን ተጠቀመበት፣ ከየት መጣ የሚለው ነው።

መጀመሪያ ስፔሊንጉን ያዙ። ከቪዲዮ የሰማችሁት ከሆነ እንደሰማችሁት ጎግል ላይ ጻፉት፣ ብትሳሳቱም ይሄን ማለትህ ነው ወይ ብሎ ያስተካክላል፣ ሜሪያም ዌብስተር የሚባለው የአሜሪካ ዲክሽነሪ ላይም ተቀራራቢ ቃላት ይደረድርላችኋል። ፍሊበርቲጂበት የሚለውን (ለፍላፊ፣ ቁም ነገር የሌለው ሰው ማለት ነው፣ ሼክስፒርም አንዱ ቴአትሩ ላይ የሰይጣን ስም አርጎታል) በመጀመሪያ ሙከራ በትክክል የሚጽፍ ሰው ካለ እጅ እነሳለሁ።

ከዛ ዲክሽነሪ። ሜሪያም ዌብስተር ኦንላይን በነጻ ነው፣ ግን ብዙ ሰው ትርጉሟን አንብቦ ይዘጋዋል፣ ዋናው ነገር ያለው ከታች ነው። ስክሮል አርጉ፣ የቃሉ አመጣጥ የሚል ክፍል ታገኛላችሁ፣ ከሱ ጋር ደሞ ቃሉ ተጽፎ የተገኘበት የመጀመሪያ ዓመት አለ። ሎሊጋግን ውሰዱ፣ ሥራ እያለ ሲንቀዋለሉ መዋል ማለት ነው፣ ዓመቱ 1860ዎቹ ውስጥ ነው፣ አመጣጡ ጋ ስትደርሱ ግን የሚያገኙት "አይታወቅም" የሚል ነው። አይታወቅም ስላለ ፈጠራ ነው ማለት አይደለም እሺ? ፈልገን አጣነው ብሎ በግልጽ የጻፈ ዲክሽነሪ ሥራውን ሠርቷል፣ የሚያጠራጥረው ስለ አመጣጡ ምንም ሳይል ዝም ያለው ነው።

ይሄንን የምለው በዶርድ ምክንያት ነው። በ1934 የወጣው ትልቁ የዌብስተር ዲክሽነሪ ላይ ዶርድ የሚል ቃል ነበር፣ ትርጉሙ በፊዚክስና በኬሚስትሪ "ዴንሲቲ" ማለት ነው ተብሎ፣ አነባበቡ ሁሉ ሳይቀር ተጽፎ። እንደዚህ የሚባል ቃል ግን በዓለም ላይ አልነበረም። የሆነው ምንድነው፣ በ1931 የኬሚስትሪ ኤዲተሩ ዴንሲቲ በትልቁ ዲ ወይም በትንሹ ዲ ያጥራል ለማለት በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ "ዲ ኦር ዲ" (D or d) ብሎ ጽፎ ላከ፣ ወረቀቷ ምህጻረ ቃላት መሄድ ሲገባት ቃላት ውስጥ ገባች፣ ፊደሎቹ ተጣብቀው ተነበቡና ዶርድ ሆኑ። አምስት ዓመት ማንም አላየውም! በ1939 አንድ ኤዲተር ይሄ ቃል አመጣጥ የለውም እንዴ ብሎ ሲቆፍር ነው የተያዘው። የያዘው ባዶው ቦታ ነው፣ እናንተም የምታዩት እሱን ነው።

ኤስኪቫሊየንስ ደሞ ከዚህ ይብሳል፣ እሱ ስህተት አይደለም፣ ሆን ተብሎ የተቀበረ ወጥመድ ነው። በ2001 የወጣው ኒው ኦክስፎርድ አሜሪካን ዲክሽነሪ ላይ "የሥራ ኃላፊነትን ሆን ብሎ መሸሽ" ተብሎ ገባ፣ ዓላማው ሌላ ዲክሽነሪ ከነሱ ኮፒ ካደረገ በዚህች ቃል ሊይዙት ነው፣ በ2005 ምስጢሩ ወጣ። (ለቃሉ የሰጡት ትርጉም ግን የሚያስፈልገን ነበር፣ ስንት ቢሮ ውስጥ ነው የሚሠራው።) ስለዚ አንድ ዲክሽነሪ አይበቃም፣ ቢያንስ ሁለት እዩ፣ ሁለቱ ደሞ አንዱ ከአንዱ የገለበጡ እንዳይሆኑ። ትልቁ ኦክስፎርድ፣ ያ በክፍል በክፍል እየታተመ ከ1884 እስከ 1928 የፈጀው፣ ለዚህ አይነት ነገር የሚወዳደረው የለም፣ ምክንያቱም በየቃሉ ሥር ማን በስንት ዓመተ ምሕረት ምን ብሎ እንደጻፈ በቅደም ተከተል ያስቀምጣል። አብዛኛው በክፍያ ነው ግን አንዳንድ ላይብረሪዎች ለአባሎቻቸው በነጻ ይከፍቱታል፣ ውጭ አገር ያላችሁ የላይብረሪ ካርዳችሁን ሞክሩ።

ተቃራኒውም አለ፣ ቃሉ ዲክሽነሪ ውስጥ ስለሌለ ብቻ ውሸት ነው አትበሉ። ስኖሊጎስተር የሚባል ቃል አለ፣ ለጥቅሙ ሲል የማይሆነው የሌለ ብልጣብልጥ ፖለቲከኛ ማለት ነው፣ ሜሪያም ዌብስተር ሰው አይጠቀምበትም ብሎ በ2003 አወጣው፣ በ2017 መልሶ አስገባው።

ሌላው የምወደው መሣሪያ የጎግል ኤንግራም ቪውወር ነው። ቃሉን ትጽፋላችሁ፣ ስካን በተደረጉ መጻሕፍት ውስጥ በየዓመቱ ምን ያህል እንደታየ ግራፍ ይሠራላችኋል። መስመሩ ለመቶ ዓመት ዜሮ ላይ ተኝቶ ከ2010 ወዲህ ድንገት ብድግ ካለ ኢንተርኔት ላይ የተፈጠረ ቃል የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፣ ከ1800 በፊት በታተሙ መጻሕፍት ኤስ የሚለው ፊደል በብዛት ኤፍ መስሎ ነው የሚታተመው፣ ማሽኑም አንዳንዴ ኤፍ እያለ ያነበዋል፣ ስለዚ የድሮውን ግራፍ ዝም ብላችሁ አትመኑ።

አሁን ወደ ታሪኮቹ። የቃል ታሪክ በጣም ከጣፈጠ ጠርጥሩ። ኩዊዝ የሚለው ቃል እንዴት ተፈጠረ ሲባል፣ በ1791 አካባቢ አንድ የደብሊን የቴአትር ቤት ባለቤት ትርጉም የሌለው ቃል በአንድ ቀን ከተማው ሁሉ እንዲያወራበት አደርጋለሁ ብሎ ተወራርዶ በየግድግዳው አጻፈው ይባላል። ደስ ይላል፣ ግን ቃሉ ከዛ በፊት በ1780ዎቹ መጀመሪያ ተጽፎ ይገኛል፣ አለቀ። ጎብልዲጉክ (የማይገባ የተወሳሰበ የቢሮ ቋንቋ) ግን ታሪኩ ይጣፍጣል፣ እውነትም ነው። በ1944 ሞሪ ማቭሪክ የሚባል የቴክሳስ ሰው፣ የቀድሞ የኮንግረስ አባል፣ የሚመራው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በሚጽፉት የተወሳሰበ ደብዳቤ ተማሮ በቃ ተዉ ብሎ ማስታወሻ በተነ፣ ቃሉን ከቱርክ ዶሮ ጩኸት ነው ያመጣሁት ብሏል። የሚገርመው አያቱ ሳሙኤል ማቭሪክም ቃል ሰጥቷል፣ ከብቶቹ ላይ ምልክት አይተኩስም ነበርና ባለቤቱ የማይታወቅ ጥጃ ማቭሪክ ተባለ፣ ዛሬ በራሱ መንገድ የሚሄድ ሰው ማለት ሆኗል። ይሄን ከኩዊዝ የሚለየው ወረቀትና ቀን ስላለው ነው።

ለልምምድ የኛኑ ቃላት ሞክሩ፣ ለእንግሊዝኛ ጆሮ ጤፍ፣ እንጀራ፣ ብር ራሳቸው ፈጠራ ነው የሚመስሉት፣ ሦስቱም ሜሪያም ዌብስተር ውስጥ አሉ። ንጉሥ የሚለውን ስትፈልጉ ደሞ ሁለት ቃል ታገኛላችሁ፣ አንዱ የኛው ንጉሥ ነው፣ ሁለተኛው በሙቅ ውኃ፣ በወይን ጠጅ፣ በስኳርና በሎሚ የሚሠራ መጠጥ፣ ስሙን ያገኘው በ1732 ከሞተው ፍራንሲስ ኒገስ ከሚባል እንግሊዛዊ ኮሎኔል ነው፣ ከኛ ጋር ምንም አያገናኘውም። አመጣጡን ሳያይ ይሄም ከኢትዮጵያ የሄደ ነው ብሎ የሚፖስት አይጠፋም።

ቃሉ እውነተኛ ነው ማለት ደሞ የትም ይነገራል ማለት አይደለም። ዲክሽነሪው ትርጉሙ አጠገብ የሚያስቀምጣቸውን ምልክቶች እዩ፣ የድሮ፣ የአካባቢ ዘዬ፣ የቀልድ ምናምን የሚሉትን። በተለይ አይልትስ የምትፈተኑ፣ የቃላት ነጥብ ላይ ብዙም የማይዘወተሩ ቃላት መጠቀም ይረዳል ስለተባለ ብቻ ኤሴይ ውስጥ ካቲዋምፐስ (የተንጋደደ ማለት ነው) የምትከቱ አላችሁ፣ ተዉ፣ ፈታኙ ቃሉ ለቦታው መመጠኑንም ያያል። ከርፈፍል (ግርግር፣ ጭቅጭቅ) የጋዜጣ ርዕስ ላይ ሁሉ ይወጣል፣ ችግር የለውም። ፔትሪኮርም ጥሩ ነው፣ ደረቅ መሬት ላይ ዝናብ ሲያርፍ የሚመጣው ሽታ፣ በ1964 ሁለት አውስትራሊያ ውስጥ የሚሠሩ ሳይንቲስቶች ያወጡለት ስም ነው። ቦርበሪግመስን ሐኪሞች ሆድ ሲጮህ ይሉታል፣ ምሳ ሰዓት ላይ ጓደኛችሁን ለማሳቅ እንጂ ለሌላ አይሆንም።

ስክራብል፣ ያ ፊደል እየገጣጠሙ ቃል የሚሠሩበት ጨዋታ፣ ለምትጫወቱ ግን እስካሁን ያልኩት ሁሉ አይሠራም፣ እዛ ሕጉ የተፈቀዱት ቃላት ሊስት ነው። ዛ የምትለዋ ፒዛ የሚለው ቃል ማሳጠሪያ በሰሜን አሜሪካው ሊስት የገባችው በ2006 ነው፣ ሌላው ዓለም የሚጫወትበት የኮሊንስ ሊስት ደሞ ሌላ ነው፣ ስለዚ ፊደል ከመታደሉ በፊት በየትኛው እንደምትጫወቱ ተስማሙ፣ ከተጀመረ በኋላ ጠብ ነው።