አቅጣጫውን የሚፈልግ ክርስቲያን ወጣት ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአዲስ አበባ ዳር፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በቦሌ አራብሳና በየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚኖሩ ወጣት ወንዶች ከሰንበት ትምህርት ቤት መርሐ ግብር በኋላ ከአጥሩ ሥር ቆመው ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች መካከል «እግዚአብሔር እኔን ለምን ፈጠረኝ?» የሚለውን ያህል ደጋግሞ የሚሰማ የለም። ጥያቄው የቅን ልብ ጥያቄ ነው፤ መልሱን የሚያዘገዩት በአብዛኛው ከጥያቄው ጋር ተያይዘው የሚመጡ ስህተቶች ናቸው።

ከሁሉ የሚከፋው፣ በእኔ እምነት፣ ያሉበትን ቦታ እንደ መቆያ ብቻ መቁጠር ነው። በከተማው ዳር የሚኖር ወጣት «እዚህ ያለሁት እስኪሳካልኝ ነው» ማለት ይቀናዋል፤ ስለዚህም ጎረቤቱን አያውቅም፣ የሰፈሩ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን አባል አይሆንም፣ የብሎኩ ነዋሪዎች ለስብሰባ ሲጠሩም አይገኝም። ይኸው ወጣት በስልኩ ላይ የሚያኖረው ጥቅስ ብዙ ጊዜ ከትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 29 ቁጥር 11 ነው፤ እግዚአብሔር ለሕዝቡ የሚያስበው የሰላም አሳብ እንደሆነ የሚናገረው። ይሁን እንጂ ያ ቃል የተጻፈው ወደ ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች በተላከ ደብዳቤ ውስጥ ሲሆን፣ አንድ ቁጥር ቀደም ብሎ የመመለሻቸው ዘመን 70 ዓመት እንደሆነ ተነግሯቸዋል። ከዚያም በፊት ከቁጥር 5 ጀምሮ ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ሚስት አግብተው ልጆች እንዲወልዱና ሳይወዱ ለገቡባት ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ ታዘዋል። ተስፋው የተሰጠው ከእነዚህ ትእዛዛት ጋር ነው፤ ተስፋውን ይዞ ትእዛዛቱን መተው ደብዳቤውን በግማሽ ማንበብ ይሆናል።

ምልክት መጠበቅም እንዲሁ ብዙ ዕድሜ ይበላል። ጸሎትና ሱባኤ መያዝ መልካም ነው፤ ነገር ግን አንዳንዱ ወጣት ሥራ እንኳ ሳይጠይቅ ሕልም ይጠብቃል፣ አንዳንዱም ስሙን ጠርቶ ዕጣ ፈንታውን የሚነግረው ሰው ፍለጋ ከቦታ ቦታ ይዞራል። እስራኤልን እንዲያድን የተጠራው ጌዴዎን በበግ ጠጉር ባዘቶው ላይ ምልክት የጠየቀው፣ በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 6 እንደተጻፈው፣ እንዲሄድ ከታዘዘና መለከት ነፍቶ ሰው ከሰበሰበ በኋላ ነበር።

ሌላው ስህተት የእግዚአብሔርን ጥሪ በቤተ መቅደስና በስብከት መድረክ ብቻ መወሰን ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከአቂላ ጋር ድንኳን ይሰፋ ነበር፤ ለራሱና አብረውት ለነበሩት የሚያስፈልገውን እጆቹ እንዳገለገሉም በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20 ላይ ተናግሯል። በእኛ ሰፈር ወለላቸው ሳያልቅ ለባለቤቶቻቸው የተላለፉ ብዙ ቤቶች ስላሉ ሴራሚክ የማንጠፍ ሥራ አይጠፋም። በሒሳብ አያያዝ ዲግሪ ተመርቆ ወደዚህ ሙያ የገባ አንድ ወጣት ሲሠራ ቆሜ አይቻለሁ፤ ክር ወጥሮ፣ እያንዳንዱን ሴራሚክ በውኃ ልክ እየለካ፣ በአልጋ ሥር ተሸፍኖ የሚቀረውን ጥግ ሳይቀር አንስቶ እንደገና ያስተካክል ነበር። ማንም በማያየው ቦታ እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ጥሪውን እየተወጣ አይደለም የሚለኝ ካለ አልስማማም። ልጃቸው በተማረበት ሙያ ባለመሥራቱ የሚያዝኑ ወላጆችን አልወቅስም፤ ያስተማሩት ከጉሮሯቸው ነጥቀው ነውና። ሆኖም ኀዘናቸው ልጁን እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ ሊያደርገው አይገባም።

ከእኩዮች ጋር መወዳደርም አለ። አንዱ ውጭ አገር ሄደ፣ ሌላው መኪና ገዛ ሲባል የሚደነግጥ ወጣት የዮሴፍን ታሪክ በዓመት ቆጥሮ ቢያነብ ይጠቀማል። ዮሴፍ ታሪኩ ሲጀምር የ17 ዓመት ልጅ ነበር፤ በፈርዖን ፊት ሲቆም 30 ዓመቱ ነበር። በመካከሉ በጲጥፋራ ቤትም በግዞት ቤትም የተሰጠውን ሥራ በታማኝነት ሠራ፤ በሁለቱም ቦታ አለቆቹ ያላቸውን ሁሉ በእጁ እስኪተዉለት ድረስ።

የስፖርት ውርርድንና ጫትን በተመለከተ ማብራራት አያስፈልገኝም። በሌሊት የተሸነፈበትን ገንዘብ ሲያሰላ የሚያድር ሰው ስለ ነገ ማሰብ አይችልም፤ አቅጣጫውን ከመፈለጉ በፊት ይህን ለንስሐ አባቱ ይንገር።

በመጨረሻም ብቻን መወሰን አደገኛ ነው። ምክር በሌለበት የታሰበው ሳይሳካ እንደሚቀር መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 15 ያስጠነቅቃል። ነገር ግን ወደ ንስሐ አባት ዘንድ «አባቴ፣ ምን ልሁን?» ብሎ ባዶ እጅን መሄድ አያዋጣም። ያለበትን ዕዳ፣ የሚጦራት እናት ካለች የእርሷን ሁኔታ፣ እስካሁን የሞከራቸውን ሥራዎች፣ ሰዎች ሳይጠይቃቸው ያመሰገኑትን ነገር ለይቶ ይዞ ቢቀርብ አባትም የሚመክሩት ያገኛሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ብዙ ሰው ስለሚጠብቃቸው በአዘቦት ቀን፣ አስቀድሞ ደውሎ መሄድ ይሻላል፤ አባት ከፈቀዱም በሚፈልገው ሙያ ብዙ ዓመት ከሠራ አንድ አማኝ ጋር እንዲያገናኙት ይለምናቸው።