የሚፈረፈር መጽሐፍ በማይክሮፊልም ሲተካ፦ ችግርና መፍትሄ

የገጹን ጥግ አጥፋችሁ ሞክራችኋል፤ እጃችሁ ላይ ቀርቷል። ስለዚህ የሚተካው ማይክሮፊልም፣ ማለትም ገጾቹ በጣም አንሰው የተነሱበት ጥቅል ፊልም፣ ፍለጋ ገብታችኋል።

ፊልሙ ካታሎግ ላይ አይገኝም

ብዙ ጊዜ ፊልሙ አለ። የተመዘገበው ግን በመጽሐፉ ርዕስ ሳይሆን አብሮ በተቀረጸበት ስብስብ ስም ነው። ወርልድካት (የብዙ አገር ቤተ መጻሕፍት የጋራ የኢንተርኔት ካታሎግ) ላይ በደራሲው ስም ብቻ ፈልጉ፤ የስሙን አጻጻፍም ቀያይሩ። እምቢ ካለ የስብስቡን ማውጫ እዩ።

ፊልሙ መጣ፤ መጽሐፉ ግን ያ አይደለም

ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ይሄ ነው፤ ደጋግሞም ያናድደኛል። ርዕሱ ልክ ነው፣ ደራሲውም ልክ ነው። ስታዩት ግን ሁለተኛው እትም ነው፤ መደርደሪያ ላይ እየፈረሰ ያለው ደግሞ የመጀመሪያው። ወይም ከሦስቱ ቅጽ ሁለቱ ብቻ ተቀርጸዋል። ምክንያቱ ያዘዘው ሰው ርዕስ ብቻ ማመሳከሩ ነው። እትሙን፣ የታተመበትን ዓመት፣ አሳታሚውንና የገጹን ብዛት ከመጽሐፉ ላይ ገልብጡ። አራቱም ከፊልሙ መዝገብ ጋር ካልገጠሙ አትዘዙ።

ገጥመውም ጉድ ይመጣል። አንድ የጉዞ መጽሐፍ ነበር፤ መዝገቡ ከእኛው ጋር አንድ ነው። ፊልሙን ማሽኑ ላይ አድርገን ስናሽከረክር ከገጽ 112 ቀጥሎ 129 መጣ። አብሮ የተሰፋ 16 ገጽ የለም። ካሜራው አልዘለለም፤ የተቀረጸው መጽሐፍ ራሱ ጎደሎ ነበር። ተዘርግተው የሚታዩት ካርታዎችም እንደታጠፉ ነው የተነሱት። የእኛው ግን እየተፈረፈረም ሙሉ ነበር! «ፊልሙ መጥቷል» ተብሎ ተጥሎ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ገጾች ከእጃችን ይወጡ ነበር።

ጥቅሉ መጀመሪያ ላይ የተቀረጸ ማስታወሻ ካለ አንብቡት፤ የጎደሉ ገጾች ብዙውን ጊዜ እዚያ ይጻፋሉ። ማስታወሻ የለም ማለት ግን ሙሉ ነው ማለት አይደለም። ገጽ በገጽ ቁጠሩ። መጀመሪያና መጨረሻውን አይቶ «ደህና ነው» ብሎ መፈረም ሥራ አይደለም። የጎደለ ካለ እነዚያን ገጾች ከራሳችሁ መጽሐፍ፣ ካልሆነም ሙሉ ቅጂ ካለው ቤተ መጻሕፍት አስቀርጹ። ቆጥራችሁ ሳትጨርሱ ዋናውን መጽሐፍ አታስወግዱ። እደግመዋለሁ፦ አታስወግዱ።

ጽሑፉ ደብዝዟል

የቅጂ ቅጂ ሳይሰጣችሁ አይቀርም። ፊልም በተገለበጠ ቁጥር ጥራቱ ይቀንሳል። በቀጥታ ከማስተሩ (መጀመሪያ ከመጽሐፉ ከተቀረጸው ፊልም) ከወጣው የማባዣ ፊልም እንዲገለበጥላችሁ ጠይቁ። ማስተሩን ማንበቢያ ማሽን ላይ የሚሰካ ሰው ካያችሁ አስቁሙት፤ ይጫራል፣ ሌላ የለም።

ጥቅሉ አቼቶ አቼቶ ይሸታል

አሲቴት ከሚባለው የቆየ የፕላስቲክ ዓይነት የተሠራ ፊልም ነው፤ መበስበስ ጀምሯል። የሚተነው አሲድ አጠገቡ ያለውንም ፊልም ያበላሻል። ዛሬውኑ ለይታችሁ አውጡት። ምትኩን እንዲህ በማይበሰብሰው ፕላስቲክ፣ በፖሊስተር፣ እዘዙ።

ሥዕሎቹ ጥቁርና ነጭ ሆነዋል

ፊልሙ በቀለም አልተቀረጸም፤ አንዴ የጠፋ ቀለም ደግሞ ከፊልሙ አይመለስም። ሥዕሎቹን ከዋናው መጽሐፍ በቀለም ስካን አስደርጉ። ገጾቹንም አሲድ በሌለው ፎልደር አስቀምጡ።